«ስልኬ ሲጮህ ልጄ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትቀንሳለች»

ጥያቄ፦

እህታችን እንደምን አለሽ? የድሬ ልጅ ነኝ። አንቱታ አይሆንልኝምና አንቺ እያልኩ ብጽፍ እንዳትቀየሚኝ።

ዕድሜዬ 37 ነው። ባለትዳርና የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ሥራዬ ትራንዚተር ነው። ከጅቡቲ የሚገባ የሰው ዕቃ ዶክመንት ይዤ እሮጣለሁ። ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫ፣ አዘጋጃለሁ፣ ከባንክ ወደ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ወደ መጋዘን እመላለሳለሁ። ኮንቴይነር በጊዜው ካልወጣ ዲመሬጅ የሚሉት የመዘግየት ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል። ጩኸቱ ደግሞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አስመጪው ይደውላል፣ ሾፌሩ ይደውላል፣ የአስመጪው ወንድም ሳይቀር ይደውላል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የሁሉም ሰው ትዕግሥት አልቋል። በፊት አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ያስመጣበት የነበረው ብር ዛሬ ግማሹን አይሞላለትም። ስለዚህ ቢጮህብኝም አልፈርድበትም።

ይህን ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቼዋለሁ። ደህና ነበርኩ። ዘንድሮ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ሰው የቀሰቀሰኝ ይመስል ብድግ እላለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ጣሪያ እያየሁ ኮንቴይነር እቆጥራለሁ። ቀን ቀን ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል። አንድ ቀን መጋዘን በር ላይ ቆሜ ልቤ መምታት ጀመረ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። በቃ የምሞት መሰለኝ። የመጋዘኑ ልጆች በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱኝ። ልቤ ተመረመረ፣ ደሜ ታየ። ሐኪሙ «ልብህ ሰላም ነው። ጭንቀት ነው፣ ዘና በል» ብሎ ሸኘኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድኩ። ያመመኝ ደረቴ ነው፤ እሱ የሚያወራው ስለ ሐሳብ። ደግሞስ ዘና የሚባለው የት ሄዶ ነው?

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።

ማታ ማታ እቅማለሁ። ድሮ በርጫ ከጓደኛ ጋር ነበር፤ አሁን ብቻዬን ዶክመንት እየሠራሁ ነው። ምርቃናው ለሥራ ይረዳኛል። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በሁለት ቢራ ጨብሲ አደርገዋለሁ። ጓደኞቼ «አቦ ቀለል አድርገው» ይሉኛል። እናቴ ሐረር ነው ያለችው፤ «ዓይን ነው፣ ለቁልቢ ተሳል» ትላለች።

ባለፈው ልጄ ዶክመንት ላይ ጭማቂ ደፋችብኝ። የጮህኩባትን ጩኸት ጎረቤት ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሲጮህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትቀንስና ወደ ጓዳ ትገባለች። ይህ ነው ደብዳቤ ያጻፈኝ።

አንድ አብሮ አደጌ በነፃ ንግድ ቀጠናው ውስጥ በሚገኝ ድርጅት ይሠራል። «የሎጂስቲክስ ክፍል ሰው እንፈልጋለን፣ ና» ብሎኛል። ሰዓቱ የታወቀ ነው። ደመወዙ ግን አሁን ከማገኘው ግማሽ ቢሆን ነው። በወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። እኔ እናቴን እጦራለሁ፣ ታናሽ ወንድሜን የግል ኮሌጅ አስተምራለሁ፣ እቁብም አለብኝ። ልልቀቅ ወይስ ልቻለው?

ስሜ ይቆይ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦

ወንድሜ፣ አንቺ ብትለኝ ምን ያስቀይመኛል? እኔም አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ጥያቄህ «ልልቀቅ ወይስ ልቻለው» ነው። እኔ ግን የምልህ ዛሬ ሁለቱንም አትመልስ ነው። ለወራት በቅጡ ያልተኛ ሰው ስለ እንጀራው መወሰን የለበትም። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ትንሹን ነገር ትልቅ አደጋ አድርጎ ያሳያል። ዛሬ «እለቃለሁ» ብትል ሽሽት ሊሆን ይችላል። «እችለዋለሁ» ብትልም እልህ ሊሆን ይችላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለህ። መጀመሪያ እንቅልፍህን እንመልስ፣ ከዚያ ሥራውን እናየዋለን።

በሐኪሙ መናደድህ ይገባኛል። መጥፎ ነገር አልነገረህም። ግን አሳጠረው። «ጭንቀት ነው» ሲልህ «ምንም የለብህም፣ ያንተው ሐሳብ ነው» ያለህ መሰለህ። እንዲያ አይደለም። የደረትህ መጨነቅ እውነተኛ ነው፤ ሰውነትህ በትክክል እየሠራው ያለ ሥራ ነው። ሰው አደጋ ሲያይ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ኮርቲሶል የሚባለው ሌላው ሆርሞን ደግሞ በደም ውስጥ ስኳር እንዲጨምር ያደርጋል፣ ለመሮጥ ወይም ለመታገል። ጅብ ቢመጣብህ ይህ ሁሉ ያድንሃል። ችግሩ ሰውነትህ ጅቡንና የአስመጪውን ስልክ አለመለየቱ ነው። ከጅቡ ትሮጣለህ፣ ጉዳዩም እዚያው ያበቃል። ስልኩ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይጮኻል።

የጣቶችህ መደንዘዝም ምክንያት አለው። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ያዞራል። ያ ራሱ ደግሞ የበለጠ ያስደነግጣል። መጋዘኑ በር ላይ የሆነብህ ይህ ይመስለኛል።

ቢሆንም እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። አንዴ «ልብህ ሰላም ነው» ስለተባልክ ከእንግዲህ ደረትህን በተሰማህ ቁጥር «ጭንቀት ነው» ብለህ እንዳታልፈው። ሕመሙ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበህ፣ ደረጃ ስትወጣ ከጀመረህና ስታርፍ ከተወህ ሰዓት ሳትቆጥር ወደ ሆስፒታል ሂድ። የደም ግፊትህንም በየጊዜው ተለካ። ለምን እንደሆነ ወደ ጫቱ ስንደርስ እነግርሃለሁ።

«አሥር ዓመት ችዬው የኖርኩትን ለምን ዘንድሮ?» የሚለው ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሃንስ ሴልዬ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1936 ስለዚሁ ጉዳይ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። አይጦችን በብርድ፣ በድካም፣ በጉዳት ሲያስጨንቅ ሰውነታቸው በሦስት ምዕራፍ ሲያልፍ አየ። በመጀመሪያው ይደነግጣል። በሁለተኛው ይለምደዋል፣ የተቋቋመው ይመስላል። ጭንቀቱ ሳይቆም ከቀጠለ በሦስተኛው ይዝላል። አንተ ደህና ነበርኩ የምትለው ዘመን ሁለተኛው ምዕራፍ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ሰውነትህ ወጪውን ይከፍል ነበር፣ ግን ደረሰኝ አላሳየህም። ዘንድሮ የሥራው ጫና ጨመረ። እረፍት የሚሰጡህን ነገሮች ደግሞ አንድ በአንድ ተውካቸው። ከጓደኞችህ ጋር የነበረው በርጫ እንኳ ብቻህን ዶክመንት የምትሠራበት ሰዓት ሆኗል። አንተ ደክመህ ወይም ፈሪ ሆነህ አይደለም።

አሁን ወደ ጫቱ እንምጣ። ተው ልልህ አይደለም። ድሬ ተቀምጦ፣ አወዳይ በቅርብ ርቀት እያለ «ጫት የሚባል አትይ» የሚል ምክር ማንም እንደማይሰማው አውቃለሁ። ሰዓቱን ግን እንነጋገርበት፤ ያንተ ችግር ትልቁ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር ነው ነቃ የሚያደርግህ። ቅጠሉ ሲጠወልግ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ ትኩሱን የሚፈልገው ለዚህ ነው። ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያባርራል። ልብ በል፣ ይህ ከላይ ከነገርኩህ ከድንጋጤው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ያስደነገጠውን ሰውነት ማታ ደግሞ በጫት ታስነሳዋለህ ማለት ነው። ከዚያ ቢራው ይመጣል። ቢራ ለማስተኛት ይረዳል፣ ውሸት አይደለም። ግን ከሰውነት እየወጣ ሲሄድ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብድግ የምትለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ኮንቴይነሩን ያሰብከው ከነቃህ በኋላ ነው፤ የቀሰቀሰህ ግን እሱ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የምትቅም ከሆነ ከምሳ በኋላ ይሁን፣ 10 ሰዓት ላይ ይብቃህ። መጠኑንም በየጥቂት ቀኑ ቀንስ። ብቻህን ከምትቅም ከሰው ጋር ቃም፤ ዶክመንቱን አጠገብህ አታድርግ። ቡናም ቢሆን የመጨረሻውን ስኒ ከ8 ሰዓት አታሳልፍ፤ ካፌይን ከሰውነት ለመውጣት ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ቢራውን ደግሞ ለእንቅልፍ ብለህ አትጠጣ። ለጨዋታ ከጠጣህ ሌላ ነገር ነው።

«ታዲያ ዶክመንቱን መቼ ልሥራ?» እንደምትል አውቃለሁ። ጠዋት። ድሬ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ አስመጪዎቹም ገና አልተነሡም። የተኛ ሰው ማታ በምርቃና ሁለት ሰዓት የሚፈጅበትን ሥራ ጠዋት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ስህተቱም ያንሳል። ማታ ጎበዝ መስሎህ የሞላኸውን ዲክላራሲዮን ጠዋት ደግመህ ያስተካከልክበት ጊዜ የለም? እስቲ ራስህን ጠይቅ።

ቀላል ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽህም። የማታውን ስትተው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ድብርት ይመጣል፣ ሰውነት ይዝላል፣ በትንሹ ትቆጣለህ። ጫት ሲቀር የሚመጣውን ቅዠት፣ ዱካኩን፣ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ሌሊት ሊያስፈራራህ ይችላል። ያልፋል። ብቻ ብዙ ኮንቴይነር በሚገባበት ሳምንት አትጀምረው። ሥራ ቀዝቀዝ የሚልበትን ጊዜ ምረጥ፣ ባለቤትህም ትወቅ።

እንቅልፉን በተመለከተ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል። በማንኛውም ሰዓት ብትተኛ ጠዋት የምትነሣበት ሰዓት አንድ ይሁን። ሌሊት ነቅተህ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ አትገላበጥ፤ ተነሥተህ ግቢ ውስጥ ነፋስ ውሰድ፣ ሲመጣብህ ተመለስ። ለዚያ የሌሊት ኮንቴይነር ቆጠራህ ደግሞ ሌላ ሰዓት ስጠው። ማታ 12 ሰዓት ገደማ ደብተር ይዘህ ለሩብ ሰዓት ተቀመጥ። የሚያስጨንቅህን ሁሉ ጻፈው። ነገ ልታደርገው የምትችለው ነገር ካለ ከጎኑ ጻፍ፤ «ጠዋት 3 ሰዓት ባንክ» በል። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ የሰውየውን ስም ጻፍ። ማንም ምንም ሊያደርግበት የማይችል ከሆነ፣ ለምሳሌ የምንዛሬው ነገር፣ ጻፈውና እለፈው። ሌሊት ሲመጣብህ «ተጽፏል» ትለዋለህ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ብዙ ሰው ግን ይሠራለታል። አእምሮ ደጋግሞ የሚያስታውሰን እንዳንረሳ ፈርቶ ነው።

ልቡ ሲጀምርህ ደግሞ፣ መጋዘን በርም ሁን ቢሮ፣ ትንፋሹን ያዘው። በአፍንጫህ አራት እየቆጠርክ አስገባ፣ ስድስት እየቆጠርክ አስወጣ። ዋናው ማስወጣቱ መርዘሙ ነው፤ ያኔ ልብ ቀስ ይላል። ለጥቂት ደቂቃ ቀጥልበት። ማንም ምን እያደረግህ እንደሆነ አያውቅም።

ስልኩስ? ይህን ሳስብ ቆየሁ። «ስልክህን ዝጋ» የሚለው ምክር ለትራንዚተር አይሠራም። ሾፌር ጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ከተማ ላይ ተበላሽቶ ሌሊት ቢደውልልህ ማንሣት አለብህ። ግን እስቲ ባለፈው ሳምንት የተደወለልህን ተመልከት። ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ከተደወለልህ ውስጥ እስከ ጠዋት መቆየት የማይችል የነበረው ስንቱ ነው? እኔ ስገምት የሾፌሮቹ ጥቂት ነው። የቀረው «ደረሰ ወይ?» ነው።

«ደረሰ ወይ» የሚለው ሰው ስልክ የሚደውለው ስላላወቀ ነው። ስለዚህ ቀድመው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት ላይ፣ ለእያንዳንዱ አስመጪ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ አጭር መልእክት ላክ። «ዶክመንቱ ገብቷል፤ የምንጠብቀው ይህን ነው፤ ነገ በዚህ ሰዓት አሳውቃለሁ።» አዲስ ነገር ባይኖርም «አዲስ ነገር የለም» ብለህ ላክ። በመጀመሪያው ሳምንት አያምኑህም፣ ይደውላሉ። ሰዓትህን ካከበርክ ግን ይለምዳሉ። ከዚያ የማታውን ሰዓት ስልክህን ጸጥ አድርገህ ሾፌሮቹን ብቻ እንዲያስገባ አስተካክለው። አብዛኛው ስልክ ይህን መርጦ የማስገባት ነገር አለው፤ ካቃተህ የሰፈር ልጅ ያስተካክልልሃል። ድምፁንም ቀይረው። ልጅህ የምትፈራው ያን ድምፅ ነውና ሌላ ይሁን።

ልጅህን ካነሣን፣ ይቅርታ ጠይቃት። «አባባ ደክሞት ነበር፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም፤ እንደዚያ መጮህ አልነበረብኝም» በላት። አባት ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። ልጆች አባታቸው ሲናደድ ምክንያቱን ራሳቸው ላይ ነው የሚፈልጉት፤ ይህን ሸክም ከእሷ ላይ አንሣላት። ከዚያ ማታ ማታ ፀሐይዋ ስትበርድ ይዘሃት ውጣ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር እየተንሸራሸራችሁ ትንሽ ተራመዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን ግማሽ ሰዓት ብትሄድ በአምስት ቀን ሞላልህ። ስልኩ ቤት ይቅር። ለግማሽ ሰዓት ድሬ አትፈርስም።

አሁን ወደ ባለቤትህ። እንዳትደነግጥ ብለህ ሆስፒታል መግባትህን ደበቅካት። አምንሃለሁ፣ አስበህላት ነው። ግን እሷ የማታውቅ ይመስልሃል? ሌሊት 9 ሰዓት አልጋው ባዶ ሲሆን የሚሰማት እሷ ናት። ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ምናልባት ከዚህ የባሰ እያሰበች ይሆናል። ሌላ ሴት አለችው ብላ አስባ እንደሆነስ? አትሳቅ፤ እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ከሚስቶች በኩል ብዙ ይደርሰኛል።

ልጅ ከተኛች በኋላ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ በቀላሉ ጀምርላት። «አንድ ነገር ደብቄሽ ነበር። ደረቴን አሞኝ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ልቤ ደህና ነው ተብያለሁ። ጭንቀት ነው አሉኝ፤ እኔም ሳስበው ልክ ናቸው።» በዚያው ምሽት ስለ ሥራው መወሰን የለባችሁም። ታልቅስ፣ ትቆጣ፣ ትጠይቅ። በሚቀጥለው ቀን ግን ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የእናትህ፣ የወንድምህ ኮሌጅ፣ እቁቡ። በግማሽ ገቢ ስንት ወር መቆየት ይቻላል? አሁን በጭንቅላትህ ውስጥ ያለው «አይቻልም» ነው፣ ቁጥር የለውም። ሲደመር ከፈራኸው ያነሰ ሊሆን ይችላል። የበዛም ከሆነ ቢያንስ ምን ያህል እንደሆነ ታውቀዋለህ። የእቁቡ ዙር መቼ እንደሚያልቅም እዩ። ካለቀ በኋላ መግባት ግዴታ አይደለም።

ስለ ወንድምህ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ኮሌጅ የደረሰ ሰው ነው። የወንድሙን ደረት ማወቅ አይገባውም? ከአንተ ጋር ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ዶክመንት ይዞ ቢሯሯጥ፣ ባንክ ሰልፍ ቢይዝልህ ምን ይጎዳዋል? አንተ ታላቅ ስለሆንክ ሁሉን ተሸክመህ ይሆናል። እሱ ግን ምናልባት እስኪጠየቅ እየጠበቀ ነው።

የጓደኛህን ሥራ እንመልከተው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። አንተ አሁን ስንት ሰዓት ትሠራለህ? የሌሊቱን ስልክ ጨምረህ ቁጠረው። ከዚያ ገቢህን ለሰዓቱ አካፍለው። ግማሽ ያልከው ደመወዝ በሰዓት ሲሰላ ግማሽ ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል ሎጂስቲክስ ክፍል ያው ኮንቴይነር ነው፤ ስልኩ ሌላ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጓደኛህ እውነቱን ይንገርህ። ማታ ይደወላል? ዕቃ ሲዘገይ የሚጠየቀው ማነው? በዚያ ክፍል ከዚህ በፊት የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ? ይቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሳት።

ሦስተኛ መንገድም እንዳለ አትዘንጋ። ከደንበኞችህ መካከል የጭንቀትህን ትልቁን ክፍል የሚሰጡህ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ይሆናሉ። ሁሌም እንዲያ ነው። ከሚከፍሉህ ይልቅ የሚያስከፍሉህ ይበልጣል። እነሱን በጨዋ ደንብ ለሌላ ትራንዚተር ብታስተላልፍ ምን ያህል ገቢ ታጣለህ? ይህንንም ከባለቤትህ ጋር በምትሠሩት ወረቀት ላይ አስገቡት።

ከዚያ ራስህን ታዘብ። የማታው ጫት ቆሞ፣ መልእክቱ ተለምዶ፣ ጥቂት ሌሊት ከተኛህ በኋላ ወደ መጋዘን ስትሄድ ሆድህ ውስጥ ምን ይሰማሃል? ቀለል ካለህ ሥራው ላይሆን ይችላል ጠላትህ፤ አሠራሩ ነበር። ተኝተህም፣ ስልኩ ቀንሶም ጠዋት ወደዚያ መሄድ ካስጠላህ ግን ሰውነትህ መልሱን ሰጥቶሃል፤ ግማሽ ደመወዝ ውድ ዋጋ አይደለም። የምትሄድም ከሆነ የትራንዚተርነት ፈቃድህን ወዲያው አትመልስ፤ ለጊዜው ማቆየት ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። እነሱ አንተን የሚሞክሩበት ጊዜ አንተም እነሱን የምትሞክርበት ነው።

ጓደኞችህ «ቀለል አድርገው» ሲሉህ ከፍቅር ነው፣ ግን እንዴት እንደሆነ አይነግሩህም። በሚቀጥለው ጊዜ ከመካከላቸው አንዱን ነጥለህ «እንቅልፍ አጥቻለሁ» በለው። ትደነግጣለህ፤ እሱም አጥቶ ይሆናል። እናትህ ቁልቢ ተሳል ካለችህ ተሳል። ታኅሣሥ 19 ይዘሃት ብትሄድ ደስ ይላታል፣ አንተም ከስልኩ ትርቃለህ። ስለቱና ሕክምናው አይጣሉም፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን አትልቀቅ።

ይህን ሁሉ ሞክረህ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶም እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ የመጋዘኑ በር ዓይነት ድንጋጤ ከተደጋገመ፣ ምንም ነገር ደስ የማይልህ ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂድ። በድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቅ። እብድ ስለሆንክ አይደለም፤ ጥርስ ሲያምህ የጥርስ ሐኪም ጋ እንደምትሄደው ነው። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለብህ ግን ሦስት ሳምንት አትጠብቅ። ያንኑ ቀን ለባለቤትህ ንገራት፣ ያንኑ ቀን ሂዱ።

ለጓደኛህ ደግሞ ዛሬውኑ ደውልለትና ስለ ማታው ስልክና ለምን ሰው እንደለቀቀ ጠይቀው። በየቀኑ ለስንቱ ስትደውል የምትውል ሰው ነህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለራስህ ጉዳይ ብትደውል አይከብድህም። ምን እንዳለህ ጻፍልኝ።